ሣህሊቱን በደንብ ያየ ሰው

እስከዳር መምህሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ ነው።

በ2003 ዓ.ም. መጋቢት፣ ሲያትል ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ነበር። ልጇን ከአማርኛ ትምህርት ልትወስድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወረደች። ሌሎቹ ልጆች ሄደዋል። ሁለት ወንበር ተገልብጧል። ከጠረጴዛው ሥር አራት እግሮች ወጥተዋል፤ ሁለቱ የስምንት ዓመቷ የሣህሊቱ ናቸው፣ ሁለቱ በደንብ የተወለወለ የወንድ ጫማ አጥልቀዋል።

«ይቅርታ... ምን እየሠሩ ነው?»

«ሽሽ! አንድ ደቂቃ ቀርቶናል» አለ የወንድ ድምፅ።

«የምን አንድ ደቂቃ?»

«ንዴቱ ሊወጣ።»

ሣህሊቱ ሳቀች። እስከዳር ልጇ ከተናደደች በኋላ እንዲህ ቶሎ ስትስቅ አይታ አታውቅም።

ፍስሐ ይባላል። በሥራ ቀን ቱክዊላ ውስጥ የአውሮፕላን ዕቃ ስንጥቅ እንዳይኖረው ይመረምራል፤ ቅዳሜ ፊደል ያስቆጥራል። እስከዳር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም በማይክሮስኮፕ ታያለች። ትንሽ ነገር ሁለቱንም አያልፋቸውም። ከትምህርት በኋላ እስከ ቢከን ሂል በባቡር አብረው መሄድ ሲጀምሩ፣ ስትደክም ድምጿ እንደሚቀጥን ለማወቅ ሁለት ቅዳሜ በቃው።

«ዛሬ ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ኦኬ። እሱኑ ምንም የተባለውን ንገሪኝ።»

ትስቃለች... ትነግረዋለችም።

አንድ ነገር ግን ደበቀችው፤ ፍርሃቷን። የሣህሊቱ አባት «ከዚህች ልጅ ጋር መኖር አልችልም» ብሎ ዳላስ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። አሁን የወደደችው ፍስሐም የልጅቷን ጥፋት አንድ ሁለት ብሎ ቆጥሮ ይሄዳል ብላ ትፈራለች። ልጅቷ ትምህርት መሃል ትነሳለች፤ አንድ ፊደል ሲበላሽባት ጠረጴዛ ትገፈትራለች። ከመደበኛ ትምህርት ቤቷም «ትኩረት ማድረግና ስሜቷን መቆጣጠር ያስቸግራታል፤ ለስብሰባ ነይ» የሚል ደብዳቤ ሁለት ጊዜ መጥቷል። እስከዳር ሁለቱንም መሳቢያ ውስጥ ከታቸዋለች።

ሦስተኛው ደብዳቤ በመጣ ማግስት የአማርኛ ትምህርቱ ወላጅ ኮሚቴ አባል እትዬ የውብዳር ኮል አደረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ ያ መምህር ስለ ልጅሽ ደብተር ላይ ይጽፋል። በዓይኔ አየሁት! እዚህ አገር እኮ የተጻፈ ነገር ልጅ ያስነጥቃል። እኔ ድሮም ጠበል ውሰጂያት ብዬሽ ነበር...»

«እሺ እትዬ፣ እግዜር ይስጥዎት» ብላ ዘጋች።

ቅዳሜ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ስለ ልጄ ትጽፋለህ?»

«እጽፋለሁ።»

ሊክድ እንኳ አልሞከረም!

«ለትምህርት ቤቷ የሰጠኸው አንተ ነህ?»

«ለማንም አላሳየሁም። ግን መጀመሪያ አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አጥፍቻለሁ። እንኪ፣ ያንቺ ነው።»

«ሁለተኛ እንዳትደርስባት!»

ደብተሩን ነጥቃ፣ ልጇን እየጎተተች ወጣች። ሣህሊቱ እስከ ባቡሩ ድረስ «ዋት ዲድ ሂ ዱ? ምን አደረገ?» እያለች አለቀሰች።

ሦስት ቀን አልከፈተችውም። በአራተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ገለጠችው።

«መጋቢት 10። ከመናደዷ በፊት፦ ሦስት ልጆች ባንድ ጊዜ አወሩ። የቆየው፦ ዘጠኝ ደቂቃ። ያረጋጋት፦ አጠገቧ ዝም ማለት።

ሚያዝያ 1። ተቀምጣ ሦስት ፊደል ጻፈች። ቆማ፦ አሥራ አራት።

ሚያዝያ 29። ልትናደድ መሆኑን ራሷ ቀድማ ነገረችኝ! ሁለት ደቂቃ ብቻ።»

እስከዳር ደግማ አነበበችው። «ባለጌ» የሚል ፈለገች፤ የለም። «ሰነፍ» የሚል ፈለገች፤ የለም። እሷም በሥራዋ እንዲህ ነው የምትጽፈው፤ ያየችውን ብቻ፣ ሳትፈርድ። የስንቱን ሰው ደም አስተውላ ስታይ የራሷን ልጅ ግን በፍርሃት ብቻ ስታያት ኖራለች።

ደወለችለት።

«ፍስሐ...»

«አለሁ።»

«ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ትምህርት ቤቷ ስብሰባ አለ። ልቀር ነበር።»

«እና?»

«እሄዳለሁ። ልጄ የምትፈልገውን አሁን አውቄዋለሁ። አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ።»

«ትእዛዝ ነው?»

«ትእዛዝ ነው!»

ሐሙስ የሣህሊቱ ክፍል መምህርትና የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

«ለደብዳቤዎቻችን ሳትመልሺ ስትቀሪ ግድ የሌለሽ መስሎን ነበር» አለች መምህርቷ።

«ፈርቼ ነው» አለች እስከዳር። ከዚያ ሳትንተባተብ ዘረዘረች፦ ቆማ ትሥራ። ጫጫታው ሲበዛባት ወጣ ብላ የምትመለስበት ምልክት ይኑራት። ቀድማ ስትናገር አመስግኗት።

«ቆማ መሥራቱ ከነገ ጀምሮ ይቻላል» አለች መምህርቷ። ሌላውንም በዕቅድ አስገቡት። ሣህሊቱ ከጓደኞቿ ተለይታ ወደ ሌላ ክፍል አትዛወርም።

ባለሙያዋ ወደ ፍስሐ ዞራ ለልጅቷ ምኗ እንደሆነ ጠየቀችው። ፍስሐ ተርበተበተ።

«ምን ልበላት?» አለ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የእናቷ እጮኛ ነኝ በላታ።»

«መቼ ጠየቅሁሽ?»

«አልጠየቅኸኝም። እኔ ነኝ የጠየቅሁህ። ሰዎቹ እየጠበቁ ነው፣ መልስ እንጂ!»

መለሰ። በጣም ጮክ ብሎ ስለነበር ሁለቱ ሴቶች ደንግጠው ሳቁ።

በዓመቱ ግንቦት ተጋቡ። ሣህሊቱ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ከፊታቸው ቆመች፤ በረጅሙ ሥርዓት መሃልም ሦስት ጊዜ ወጥታ ግቢውን በሩጫ ዞረች። በሦስተኛው ላይ እትዬ የውብዳር «ኧረ ልጅቷን ያዟት!» አሉ።

«ይተዉዋት እትዬ» አለች ሙሽራዋ ሳትዞር፣ «ትመለሳለች።»

ተመለሰች። እያለከለከች በሁለቱ መሃል ገብታ ቆመች።