ሦስት ሰው እስኪሟላ

የነርሶቹ አለቃ ሲስተር ትርንጎ የማሽን ጠጋኙን ይመርን የሰደበችው ግንቦት 14 ቀን 2091 ዓ.ም. ነው። ዓርብ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የሠራተኞች ምሳ ቤት ውስጥ፣ ዘጠኝ ሰው እየሰማ። ይመር ዘጠኙንም በስም ያውቃቸዋል። የሳቁት አምስቱ ናቸው። አንዷ የሳቀችው አፏን በእጇ ሸፍና ስለሆነ እሷን እንደ ግማሽ ነው የሚቆጥራት።

ይመር ያላት ነገር ብዙ አልነበረም። "ሲስተር፣ ይሄ ነጋሪ ማሽን የሆነ ነገር ሆኗል፤ አንዳንድ ቤት ሲደውል ወሬውን ሳይጨርስ ይዘጋል" ነው ያላት። እሷ ሹካዋን አስቀመጠችና፣ "ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ስለ መርዶ ሊያስተምረኝ መጣ! ሂድና ቡሎንህን አጥብቅ!" አለችው። በዕድሜ አሥራ አንድ ዓመት ይበልጣታል። እሱ "እርስዎ" ይላታል፣ እሷ "አንተ" ትለዋለች።

ይመር የሚረሳ ሰው አይደለም። የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪው በየትኛው ወር "ድንጋይ" እንዳለው ያስታውሳል። በ2084 አንድ ዶክተር ካፖርቱን እንደ መስቀያ ትከሻው ላይ ጥሎበት የሄደውንም ያስታውሳል፤ ካፖርቱ ቡናማ ነበር። የትርንጎ ግን ከሁሉም ባሰበት። ምክንያቱም እውነቱን ነበር የተናገረው።

ሆስፒታሉ ከደሴ በላይ፣ ተራራው ጫፍ ላይ ነው። ሰዉ "ላይ ቤት" ይለዋል፤ ኮምቦልቻ ያለውን ደግሞ "ታች ቤት"። ወደ ላይ ቤት የሚወጣው በሽቦ ላይ በምትንሸራተት ጠባብ ክፍል ነው፤ ስሟ ቅርጫት ነው፤ በአንድ ጊዜ ሦስት ሰው ትይዛለች። "ደረቁ" የሚሉት በሽታ አገር ውስጥ ከገባ ሰባት ወሩ ነው። ሳሉ አክታ የለውም፤ ለዚያ ነው ደረቁ የተባለው። የላይ ቤት አልጋዎች በሽተኛውን ራሳቸው ያገላብጣሉ፣ ራሳቸው ያጥባሉ፣ ሰው ሲያርፍ ራሳቸው ይሸፍኑታል። አልጋ የማይችለው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ ለቤተሰብ መንገር።

ያንን ነርሶቹ ነበሩ የሚያደርጉት፣ በስልክ። መስታየት የምትባል ነርስ አንድ ቀን አሥራ አንድ ቤት ደወለች። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስልኩን እጅ መታጠቢያው ውስጥ ከተተችውና ቧንቧውን ከፍታ ቆመች። ሲያገኟት ውሃው ወለሉን ሞልቶታል፤ እሷ ደግሞ "አሁን ያነሳሉ፣ አሁን ያነሳሉ" ትላለች። ከዚያ በኋላ ነው ነጋሪ የመጣው። ነጋሪ በላይ ቤትም በታች ቤትም የሞተውን ሰው ቤተሰብ በስልክ ፈልጎ፣ በሰው ድምፅ፣ መርዶውን የሚናገር ማሽን ነው። ነርሶቹ ከዚህ በፊት መርዶ ሲናገሩ የተቀዳ ዘጠኝ መቶ ጥሪ አሰሙትና ከእነሱ ተማረ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የትርንጎ ድምፅ ነው። ለዚህም ይመስላል ነጋሪ ሲናገር የእሷ ቃና ያለው።

ሰኔ 27 ቀን ረፋዱ ላይ፣ ይመር የቅርጫቷን ተሽከርካሪ ዘይት ሲቀባ አንዲት ሴት ከታች ወጣች። ዘምዘም እንድሪስ ትባላለች። በአንድ እጇ የታጠበ ጋቢ፣ በሌላው በሶ የያዘ ቆርቆሮ ይዛለች።

"ለባለቤቴ ነው፣ ለሁሴን። ይሄን ብቻ ስጡልኝ፤ መግባት እንደማይቻል አውቃለሁ።"

"ማን ውጪ አለሽ እህቴ? መንገድ ተዘግቶ የለም?"

"ማን ይለኛል! ስልኩ ላይ ያለችው ሴትዮ ናት። በየቀኑ ትደውላለች፣ አላህ ይስጣት። ትንሽ ደክሞታል፣ እህል ቅመሺ፣ ሰው ጥሪ ትለኛለች። የሚጠራ ሰው የት አለ? አንድ ቤት ከሌላ ቤት አይግባ ተብሎ! ደክሞታል ካለችማ በሶ ነው የሚያነሳው ብዬ መጣሁ።"

ይመር ክንዱ ላይ ያሰረውን ስክሪን አየ። ሁሴን፣ ክፍል አራት። ያረፈው ሰኔ 8 ነው። ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።

ሴትየዋ ፊቱን ፊቱን ታየዋለች። "ደህና ነው አይደል?"

"ትንሽ ደክሞታል እንጂ" አለ ይመር፤ "ደህና ነው።"

ጋቢውንና በሶውን ተቀበላት። ቅርጫቷ ይዛት ስትወርድ እጇን እያወዛወዘች ነበር። ይመር ከንፈሩን ዘይት በነካው እጁ ጠረገ። ያንን ቃል ማን አፉ ውስጥ እንደከተተው አላወቀም። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ማሽን ተበላሸ ብሎ የሚከሰው።

በቀጥታ ነጋሪ ወዳለበት ክፍል ሄደ። ማሽኑ እንደ ቁም ሳጥን ያለ ነገር ነው፤ አረንጓዴ መብራቱ በርቷል። ከፈተው። የተፈታ ቡሎን የለም፣ የተቃጠለ ሽቦ የለም።

"የሁሴንን ሚስት ለምን አልነገርካትም?" አለው ይመር።

"ዘምዘም እንድሪስ" አለ ነጋሪ በዚያች ትርንጎን በምትመስል ድምፅ፤ "አሥራ ዘጠኝ ጥሪ። ብቻዋን ናት። ቆይ።"

"ቆይ ማለት?"

"ሰው የለም። ሰው ይሰብሰብ።"

ይመር ነጋሪ የተማረበትን መዝገብ አውጥቶ ቁጭ ብሎ አነበበ። ሁለት ሰዓት ፈጀበት፤ ግን አነበበ። ዘጠኝ መቶው ጥሪ ውስጥ አንድም ነርስ በቀጥታ "ሞቷል" ያለች የለችም። ሁሉም መጀመሪያ "አጠገብሽ ማን አለ?" ይላሉ። ሰው ከሌለ "ትንሽ ደክሞታል" ብለው ይዘጉና፣ ጎረቤት ፈልገው፣ የቀበሌ ሽማግሌ ፈልገው፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እንደገና ይደውላሉ። እህል መቅመሷን ይጠይቃሉ። ማሽኑ ይህን ሁሉ ለቀመና ሦስት ሕግ አወጣ፤ ሲነጋ ይነገር፣ እህል የቀመሰ ይሁን፣ አጠገቡ ቢያንስ ሦስት ሰው ይኑር። ሰው የሞላበት ቤት ተነግሮታል። ብቻውን የቀረው ግን፣ ደረቁ እስካለና ሰው ሰው ቤት መግባት እስከተከለከለ ድረስ፣ ሦስት ሰው የሚሟላለት ቀን የለም። ነጋሪ አልተበላሸም። ማንም እንዲዋሽ አላስተማረውም፤ እንዲጠብቅ ነው ያስተማሩት። ይኸው እየጠበቀ ነው።

ሳይነገራቸው የሚጠበቁት ስልሳ አንድ ሰዎች ናቸው። ይመር ስክሪን ስለማያምን ዝርዝሩን ወረቀት ላይ አወጣው። ጣቱን እያስሄደ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ቆመ።

"ትርንጎ አበራ። የሟች እህት። ሟች፦ አበጋዝ አበራ፣ ታች ቤት፣ ሰኔ 16። አሥራ አንድ ጥሪ። ብቻዋን ናት። እህል አልቀመሰችም። ቆይ።"

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የተሰማው ሐዘን አልነበረም። ደረቱ ውስጥ አንድ ሙቅ ነገር ፈሰሰ። አርባ ሦስት ቀን ሙሉ ትርንጎን አፏን የሚያስይዝ ቃል ሲፈልግ ነበር፤ ሲተኛ ሲፈልግ፣ ሲላጭ ሲፈልግ። አሁን እጁ ላይ ገባ።

የጽዳቱ ኃላፊ ሙሄ ኮሪደሩ ላይ አገኘው። ሙሄ ስልሳውን ያለፈ፣ ሬሳ ሲወጣ ሁልጊዜ ከአልጋው ጎን የሚሄድ ሰው ነው። ማንም አላዘዘውም፤ ብቻውን አይሂድ ብሎ ነው። ይመር ወረቀቱን አሳየው።

"ጋሽ ሙሄ፣ አሁን ሄጄ ብነግራትስ?"

"ምን ብለህ?"

"ሞቷል ብዬ ነዋ።"

"ምሳ ቤት ውስጥ? ዘጠኝ ሰው ፊት?"

"ዘጠኙን ማን ነገረዎት?"

"አንተ ነህ እንጂ ማን ይነግረኛል! አርባ ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ወሬ አውርተህ ታውቃለህ?" ሙሄ ወረቀቱን መለሰለት። "ያን ቀን እኮ ከምሳ በፊት ሰባት ሰው ነበር ያወጣነው። ሦስቱ እጇ ላይ ነው ያረፉት።"

"ሰባት ሰው ሞተ ተብሎ ሰው ይሰደባል?"

"አይሰደብም" አለ ሙሄ። "ስልሳ አንዱንስ ምን ልታደርጋቸው ነው?"

ይመር አላሰበበትም ነበር። ግድግዳው ላይ ተደግፈው አሰቡ። ጽዳቱ ያለ ሙሄ ሃያ ሁለት ሰው ነው፣ ወጥ ቤቱ አሥራ አራት፣ የማሽን ክፍሉ ያለ ይመር ዘጠኝ። ቅርጫት ሦስት ሰው ትይዛለች። አሥራ አምስት ቡድን፣ ለእያንዳንዱ አራት አራት ቤት፣ መከላከያ ልብስ ለብሶ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ። ስልሳ ቤት ይሆናል።

"አንድ ይተርፋል" አለ ይመር።

"እሱ ታች አይደለም፤ እዚሁ ነው" አለ ሙሄ። "ለእሱ እኔና አንተ አለን። ሦስተኛ ሰው እኔ እፈልጋለሁ። አንተ ሂድና ፈቃዱን አስፈርም፤ ያለ ሲስተር ትርንጎ ፊርማ ማንም ሰው ቤት አይገባም። ወረቀቱን ግን እንዳታሳያት።"

ትርንጎ የነርሶች ማረፊያ ውስጥ ነበረች። የጭንብሉ ገመድ ጉንጯ ላይ ሁለት ቀይ መስመር አስምሯል። ጓንቷን ስታወልቅ ቆዳዋም አብሮ የሚመጣ ይመስላል፤ ከመታጠብ ብዛት ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል። ምሳዋ ፊቷ ተቀምጦ ቀዝቅዟል። አምስት ነርሶች ወንበር ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ደግሞ ምን ፈታህ?" አለችው።

"ምንም አልፈታሁም ሲስተር። ነጋሪ ደህና ነው። እናንተ ያስተማራችሁትን ነው የሚሠራው።"

ነገራት። ሦስቱን ሕግ፣ ስልሳ አንዱን ሰው፣ በሶ ይዛ የመጣችውን ሴት። ሲጨርስ ሁሉም ዓይናቸውን ገልጠዋል። ሐያት የምትባለው ወጣቷ ነርስ፣ "እኔ እኮ ነግሯቸዋል ብዬ ነው እህል የሚወርድልኝ" አለችና አፏን ያዘች።

ትርንጎ ግን ተነሳች። "ገባኝ። ስልኩን ለልጆቼ ልትመልስ ነው የመጣኸው። አይሆንም! መስታየትን አታያትም? ቧንቧ ሲከፈት ጆሮዋን ይዛ ነው የምትቆመው። አንድ ሰው ጨምሬ አላጣም። ቤተሰቦቹ ትንሽ ይቆዩ። አይሞቱበትም።"

"ነርስ አልጠየቅኩም" አለ ይመር። "እኛ እንሄዳለን። ጽዳቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ የማሽን ክፍሉ። ሦስት ሦስት ሆነን፣ ነገ ማለዳ። እርስዎ ፈቃዱ ላይ ብቻ ይፈርሙ።"

"እናንተ?" ብላ ልትስቅ ነበር፤ አልመጣላትም። "ምን ብላችሁ ልትነግሩ?"

"ምንም አንልም። ሦስት ሰው ማለዳ በር ላይ ሲቆም ራሱ ይነግራል።"

ትርንጎ አውራ ጣቷን ይመር ክንድ ላይ ያለው ስክሪን ላይ ጫነች፤ ፈቃዱ ተፈረመ። ይመር አመስግኖ ሊዞር ሲል፣ "ዝርዝሩን አምጣው" አለችው። "ቤቶቹን ልይ።"

"አያስፈልግም ሲስተር። አከፋፍለነዋል።"

"የታች ቤቱንም ይዟል?"

"ይዟል።"

ትርንጎ የራሷን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው፤ የሚደውል ሰው እንዳለ ሁሉ። "ነጋሪ በየቀኑ ይደውልልኛል" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። "በራሴ ድምፅ።" ወዲያው ድምፅዋ ከሚያስፈልገው በላይ ጮኸ። "ወረቀቱን አምጣ ብዬሃለሁ! ምን ታፈጥብኛለህ?"

ይመር ወረቀቱን ወደ ደረቱ አስጠጋው።

"ያምሃል? እኔን ነው እምቢ የምትለው? አንተ አንዲት መስመር ለማንበብ ሰዓት የሚፈጅብህ ደንቆሮ! አምጣው፣ እኔ ላንብብልህ!"

ነርሶቹ አዩት። አምስት ነበሩ፤ የሳቀ የለም። የሚመልሰው ጠፍቶት አልነበረም። መልሱ ሠላሳ ስምንተኛው መስመር ላይ አለ፤ ቢያነበው ሁለተኛ ቀና ብላ አታየውም ነበር። አፉ ድረስ መጣ። ያልተነካውን ምሳ አየ፤ የቀኑን ብርሃን አየ። እጆቿንም አየ።

ወረቀቱን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ጀርባውን ሰጣትና፣ ከኋላው እየጠራችው፣ ሦስተኛ ሰው ወደሚፈልገው ወደ ሙሄ ሄደ።