ከብረት ክዳኑ ሥር የሚያንኳኳው

ስለ ዛር፣ ስለ ቡዳ ሲወራ ተነስቼ ወጤን የማማስል ሴት ነኝ፣ እመኑኝ፣ ሰው ፈራሁ ሲለኝ «ተኛ፣ ሲነጋ ይለቅሃል» ነበር የምለው። አሁን ግን የሚሰማኝ አጥቼ ነው የምጽፈው፣ ትምህርቴ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈምና ፊደሌን አትዩብኝ።

አገራችን ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ነው፣ ስሙ ካምፕ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ ነዳጅ ፈላጊ ፈረንጆች መጥተው መሬቱን በሱት፣ ያኔ ከደምበጫ ሳይቀር ሰው በሬውን ሸጦ መጣ፣ ጠጅ ቤት፣ ፎቶ ቤት፣ ፀጉር ቤት ተከፈተ። ከዚያ አንድ ጧት ጉድጓዱን በብረት ክዳን ገጥመው፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ለስነው ሄዱ፣ ተገኘም አልተገኘም ያለን የለም። እኛም እንዲያው ቀረን፤ የቤተ ክርስቲያናችን ደወል የመቆፈሪያው ቧንቧ ነው፣ የጠጅ ቤቱ ወንበር በርሜል ነው፣ ሠራተኛውን ለምሳ ይጠራ የነበረው ሳይረን ከተነቀለ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም ስድስት ሰዓት ሲሆን አገሩ በሙሉ እጁን ይታጠባል። ባሌ እንየው የጉድጓዱ ዘበኛ ነበር፣ የስንብት ወረቀት ስላልሰጡት ይኸው እስካሁን ጥበቃ ላይ ነኝ ባይ ነው፣ ሰርግ እንኳ ያንን ቢጫ የፕላስቲክ ቆብ ደፍቶ ነው የሚሄድ።

ሲሚንቶው ለማስጫ ይመቻልና ሴቱ ሁሉ በርበሬውን የሚያሰጣው እዚያ ነው። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ እኔና ልጄ ስመኝ በርበሬ ስናገላብጥ ከክዳኑ ሥር ኳ ኳ ኳ አለ። ብረት ሲግል ይጮሃል አልኩ፣ ምን ልበል? ስመኝ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጨዋታ ትወዳለች፣ ድንጋይ አንስታ አራት ጊዜ መታችው። አራት ጊዜ መለሰ። አምስት መታች፣ አምስት መለሰ።

«እማየ፣ ይቆጥራል!» ብላ ሳቀች።

«ተነሽ ከዚያ!» አልኳት፣ በርበሬ በነካው እጄ ክንዷን ስቤ።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷን ከዚያ ቦታ ማንሳት አቃተኝ። እህል አልበላ አለች፣ ጆሮዋን ክዳኑ ላይ ለጥፋ ትውላለች። እኔ ብመታው ዝም፣ ሌላው ቢመታው ዝም፣ የሚመልሰው ለእሷ ብቻ ነው። በሳምንቱ ደግሞ ገና ድንጋዩን ስታነሳ ቀድሟት ይመታ ጀመር።

«ስንት አስበሽ ነበር?» እላታለሁ።

«ሰባት» ትላለች። ሰባት ነው የመታው።

ለእንየው ብነግረው ደስታው ወሰን አጣ።

«ጋዝ ነዋ አንቺ! ጋዝ ሲገፋ እንዲያ ነው፣ ፈረንጆቹ ሊመለሱ ነው!»

«ጋዝ ሰው ይመርጣል?»

«አንቺ ጉድጓድ ጠብቀሽ ታውቂያለሽ?» ብሎኝ ቁጭ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጋ ሄጄ አለቀስኩ፣ ቢያንስ እሱ ይሰማኛል ብዬ። «ወይዘሮ ደብሬ፣ ለወረዳ ጽፈናል፣ ይህ ልማት ነው፣ ልጅቱ ትበርታ» አለኝ። ትበርታ! በልጄ!

አንጀቴ አረረ፣ ማንንም ሳላማክር ስመኝን በአይሱዙ ጭኜ ቡሬ እህቴ ዘንድ አደረስኳት። እዚያ በላች፣ ተኛች፣ ፊቷ ተመለሰ። እዚህ ደግሞ ክዳኑ ጸጥ አለ። አገሩ ዞረብኝ፣ ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ «ነዳጃችንን ቡሬ ሸሸግሽው?» ይሉኛል፣ እንየውም አኮረፈኝ፣ አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ሆነን ኖርን።

ዛሬ ጧት ግን ብቻዬን በርበሬ ሳሰጣ ጀመረ። ኳ ኳ ኳ ኳ፣ መቁጠር እስኪያቅተኝ። ሰው እልል እያለ ወጣ፣ እኔ እንየውን ብፈልግ የለም። ሊቀመንበሩ ሳቅ ብሎ «በሌሊት ወደ ቡሬ ወጥቷል፣ ልጅቱን ከሰዓት ይዟት ይመጣል፣ እርስዎ እንዳይሰሙ ተማክረን ነው» አለኝ። ከሁለቱ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም፣ እኔ አልሰማሁ፣ ልጄ ራሷ አልሰማች። ታዲያ ከሥር ላለው ማን ነገረው?

ይኸው ክዳኑ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው፣ ልጄ እንዳትቀመጥበት፤ ሊያስነሱኝ መጥተው ነበር፣ በድንጋይ መለስኳቸው። የመኪናው አቧራ ከላይ ከጠመዝማዛው ይታየኛል። ቀኑን ሙሉ ከሥሬ ሲመታ ዋለ፣ አሁን አቧራው ሲታይ ቆመ፤ በሩን አንኳኩቶ ሊከፍቱለት ሲመጡ እንደሚሰማ ሰው ጸጥ አለ።