ትኩሳት የሌለው ምች

ብዙነህ እስራኤል አገር፣ ጊቫት ሃሞሬ በሚባል ሰፈር ባለው ቤቱ፣ በሦስት ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ሞቶ ተገኘ። ክፍሉ ዳማከሴ ዳማከሴ ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ ያለው የአየር ማሞቂያ፣ ማዝጋኑ፣ ሙቅ አየር ይተፋል። መርማሪ ያርደና ገና ከደጃፉ ስትደርስ ነገሩ አላማራትም።

«በዳማከሴሽ ገደልሽው!» ትላለች ሚስቱ አማረች፤ ከፋብሪካ ስትመለስ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። የተከሰሰችው የሟች እህት ምንይሹ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የገዛ መዳፎቿን ታያለች።

ያርደና አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «እትዬ ምንይሹ፣ ማን ጠራዎት?»

«ወንድማችን የሻው ነዋ። ምች መትቶት እሳት ሆኗል አለኝ።»

«ግንባሩን ዳሰሱት?»

«ቀዝቃዛ ነበር። ትኩሳቱ ውስጥ ለውስጥ ነው አለኝ። በፈላ ዳማከሴ አጠንኩት፤ በኩባያም ሰጠሁት። ወዲያው ኩባያው ከእጁ ወደቀ። ብደነግጥ የሻው፣ ‹ላብ ይውጣለት፣ እኔ አለሁ፣ ሂጂ› አለኝ።»

የሻው መስኮቱ ሥር ቆሟል። ወንድሙን ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው እሱ ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ይመርቀዋል። «እሷን ተከትዬ ወጣሁ» አለ። «ብርድ ልብሶቹን ራሱ ደራርቦ ተከናነበ። ደህና ነበር።»

ያርደና ማቀዝቀዣው ውስጥ ያሉትን መርፌዎች አየች። ሐኪሙ ዘንድ ደውላ ስትጨርስ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች።

«የብዙነህ ሰውነት የገዛ ነርቮቹን ጠላት መስለውት ይዋጋቸው ነበር። መርፌው ይህን ውጊያ የሚያባብሰውን ፕሮቲን ያግዳል። ትኩሳት የሚጠራውም ያው ፕሮቲን ነው፤ ስለዚህ መርፌውን የሚወስድ ሰው እምብዛም አያተኩሰውም። ታዲያ ‹እሳት ሆኗል› የሚለው ከየት መጣ? የነርቩ ሽፋን የተላጠ ሰው ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ዓይኑ ይፈዛል፣ ክንዱ ይዝላል፣ ድምፁ ይሰልላል፤ ልብሱን ገፎ ከሙቀቱ ማምለጥም አይችልም። ሐኪሙ ይህን ያስጠነቀቀው የሻውን ነው። ኩባያ መያዝ ያቃተው እጅ ሦስት ብርድ ልብስ አይደርብም። ደራርቦ ያፈነው፣ ማዝጋኑንም ያሞቀው፣ ‹እኔ አለሁ› ብሎ እዚህ የቀረው ሰው ነው።»

የሻው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ማጠብ፣ ማልበስ፣ መሸከም... ሰለቸኝ» አለ።

አማረች ምንይሹን ቀና ብላ ማየት አፈረች።

«እትዬ፣ እርስዎ አልገደሉትም» አለች ያርደና።

ምንይሹ ግን የምታየው የሻውን ነበር። «ከወጣሁ በኋላ ጠርቶኝ ነበር?»



«ጠርቶሻል» አለ የሻው። «ከንፈሩ ስምሽን ሲጠራ አይቻለሁ። ድምፅ ግን አልነበረውም።»