ስምንተኛዋ ብሎን

«ምን ይታይሻል?» አለች አሚና፣ በቢጫው ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ እንደተጋደመች።

«ምንም» አለች ሰርክአዲስ።

ውሸቷን ነው፤ ብዙ ነገር ይታያት ነበር። ካርቡራተሩ የተነሣለት የሞተሩ ጉሮሮ ጨለማ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። በኒሙ ዛፍ ቅጠሎች መካከል ሾልኮ የመጣው የከሰዓት ብርሃን ጠርዙ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። የውኃ ጉድጓድ አጎንብሳ እንደምታይ ሁሉ፣ ባየችው ቁጥር እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። እዚያ ታች፣ በጦርነቱ ጊዜ ሰው ሁሉ ከካርቱም ሲሸሽ የነበረው አየር እስከ ዛሬ ሳይነካ ተቀምጦ ይሆናል ብላ አሰበች። ሰርክአዲስ ሥራ ስትሠራ ሐሳቧ ብድግ ብሎ የመሄድ አመል አለው። መምህሮቿም አጎቷም ይህንን ያውቃሉ።

ጉሮሮው የተደፈነበትን ጨርቅ ያወጣችው ይህንን ለማየት ብላ ነው። ማውጣት ግን አልነበረባትም።

አጎቷ በለጠ በካርቱም ዴም ሰፈር የታወቀ መካኒክ ነው፤ ሁለት ሕግም አለው። አንደኛው ካርቶን ነው። የሚፈታውን ዕቃ መጀመሪያ ካርቶን ላይ በእርሳስ ይስለዋል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ብሎን ሲያወጣ ሥዕሉ ላይ በየቦታው ይሰካዋል። ሁለተኛው ጨርቅ ነው። ካርቡራተር ሲነሣ የሞተሩ ጉሮሮ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናል፤ ካርቡራተሩ የሚመለስበት ደቂቃ እስኪደርስ ማንም አይነካውም። «ሞተር እንደ ሕፃን ነው፤ አፉ ውስጥ የገባለትን ሁሉ ይውጣል» ይላል በለጠ። ከዚያም አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ብሎን ስለዋጠ ሚኒባስ፣ ፒስተኑም እንዴት እንደተሰባበረ ያወራል። ሰርክአዲስ ታሪኩን በቃሏ ትወጣዋለች።

ታክሲው የዓሚ ረሺድ ነው። እኚህ ሽማግሌ አርባ ዓመት ነድተውታል። ጦርነቱ ሲመጣ ግቢያቸው ውስጥ ትተውት ወጡ፤ ሲመለሱ ጎማዎቹ አሸዋ ውስጥ ሰጥመው፣ መስኮቶቹ አቧራ ለብሰው እዚያው ቆሞ ጠበቃቸው። ሁለት ክረምት ዝናብ ወርዶበታል። የካርቡራተሩ ብሎኖች ከመዛጋቸው የተነሣ በለጠ ካቻቢቴውን ሲያሳርፍባቸው የሁለቱ ራስ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ሦስት ቀን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፏቸው። የዛገ ብሎን መጀመሪያ ጥቂት ጠበቅ ተደርጎ ከዚያ በኋላ እንደሚፈታ ሰርክአዲስ የተማረችው ያን ጊዜ ነው። እንቢ ያሉትን በለጠ በመሰርሰሪያ አወጣቸው። በምትካቸው ከሰጃና ገበያ የናስ ብሎኖች ገዝቶ መጣ። ናስ አይዝግም፤ ጥፋቱ ማግኔት አይስበውም አለ።

ዛሬ ዓርብ የቀረው ትንሽ ነገር ነበር። የካርቡራተሩን ክዳን በስምንት ብሎን መግጠም፣ ካርቡራተሩን ሞተሩ ላይ ማሰር፣ ማስነሣት። ክዳኑን ለሰርክአዲስ ትቶላት በለጠ ባትሪ ሊያመጣ ሄደ፤ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ሰው ዘንድ አሳድሮት ነበር። ዓሚ ረሺድ መስጊድ ናቸው። ሲመለሱ ሞተሩ ከተነሣ ሁለቱን ልጆች ወደ መቅረን፣ ሁለቱ አባዮች ወደሚገናኙበት፣ እወስዳችኋለሁ ብለዋል።

የሚሆነውም ዛሬ ብቻ ነው። የአሚና እናት እዚሁ ካርቱም ሪያድ ሰፈር የሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ አሁን ፖርት ሱዳን ሥራ አግኝታለች፤ አውቶቡሱ ነገ ጠዋት ይነሣል። ሁለቱ ጓደኛሞች በዚህ ዛፍ ሥር ሦስት ወር ሙሉ ይህንኑ ጉዞ ሲያልሙ ከርመዋል። መስኮቱ እስከ ታች ይከፈታል፤ የአሚና ሻሽ በነፋሱ ይውለበለባል፤ ከዚያ አንዱ ውኃ ነጣ፣ ሌላው ጠቆር ብሎ ጎን ለጎን ሲሄዱ ይታያል።

ሰርክአዲስ ከጉሮሮው ቀና ስትል መዳፏን ገለጥ አድርጋ አየች። ከካርቶኑ ነቅላ የያዘቻቸው ስምንቱ ብሎኖች ሰባት ሆነዋል።

ደግማ ቆጠረች። ሰባት ናቸው።

ቅድም ጠርዙ ላይ ስትደገፍ ጥን የሚል ነገር ሰምታለች። ወይም የሰማች መስሏታል። አሚና ከመኪናው ወርዳ ሁለቱም ተንበርክከው አሸዋውን በጣታቸው አበጠሩት። የኒም ቅጠል፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ የብስኩት ወረቀት አገኙ። ብሎን ግን የለም።

«ብሎኖቹ የመጡበት ከረጢት ውስጥ ትርፍ የለም እንዴ?» አለች አሚና።

«አለ።»

«ኸላስ፣ አንዷን አውጪና ግጠሚያት። አሸዋ ውስጥ ነው የገባችው።»

«እዚያ ውስጥ ብትሆንስ?»

አሚና መልስ ከመስጠቷ በፊት ጉሮሮውን አየችው። «አይደለችም» አለች።

ሰርክአዲስ ትርፏን ብሎን አወጣች። ክዳኑ በስምንት ብሎን ተገጠመ፤ ልክ እንደ አዲስ አማረበት። ጣቶቿ ግን የሌላ ሰው ጣት መሰሏት።

በለጠ ባትሪውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ክፍቱን ጉሮሮ ነው። ጨርቁ መቼ እንደወጣ ጠየቀ።

«አሁን ነው ጋሼ» አለች አሚና ቀድማ፤ «ወላሂ፣ እርስዎ የግቢውን በር ሲከፍቱ ነው ያወጣችው።»

በለጠ ወደ ሰርክአዲስ ዞረ። እሷ ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ እሺ እንደማለት ተቆጠረ። የክዳኑን ብሎኖች አንድ በአንድ ዳበሳቸው፤ በሥራዋ እንደተደሰተ ከፊቱ ይታወቃል። ከዚያ ካርቡራተሩን ቦታው አስቀምጦ አራቱን ዳዶዎች አሰረ፤ ባትሪውንም ገጠመ። ጨለማው ተከደነ።

ዓሚ ረሺድ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከመስጊድ መጡ። ሁሉንም ሰላም ብለው ታክሲው ውስጥ ገቡና መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም። አሚና ከኋላ መስኮቱን እስከ ታች ከፍታ ሻሿን አስተካከለች፤ አጠገቧም ለጓደኛዋ ቦታ ለቀቀች። ሰርክአዲስ ኮፈኑ ጎን እንደቆመች በፊት መስታወቱ ውስጥ የሽማግሌውን ፊት አየች። የሚተዳደሩት በዚህ መኪና ነው፤ ሌላ ምንም የላቸውም። አሚና ከነገ በኋላ እዚህ የለችም፤ መቅረንም ያለ አሚና መቅረን አይሆንም። የሽማግሌው እጅ ወደ ቁልፉ ሄደ።

«ዓሚ ረሺድ፣ ለሕዛ፣ አንዴ ይቆዩ» አለች። «ቁልፉን አይንኩት።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ለአጎቷ በአማርኛ፣ ለእሳቸው በዐረብኛ። ጨርቁን ከቅድም ጀምሮ እንዳወጣችው፣ አንዲት ብሎን እንደጠፋች፣ የት እንደገባች እንደማታውቅ። አሚናን አላነሣቻትም።

በለጠ መፍቻውን አንሥቶ ዳዶዎቹን መልሶ ይፈታ ጀመር። የመጨረሻውን ሲያወጣ ነው የተናገረው።

«ጨርቁን ለምን አወጣሽው?»

«ውስጡን ላይ ብዬ።»

«እኔም በአንቺ ዕድሜ አይቻለሁ» አለ፤ «ጨለማ ነው።»

የሽቦ ጫፍ ግሪስ ቀብቶ ወደ ውስጥ ሰደደው። ሽቦው ቧንቧው የሚታጠፍበት ሲደርስ አልሄድ አለ፤ ሲወጣም ጥቀርሻ ብቻ ይዞ ወጣ። ማግኔትማ ለናስ ምን ያደርጋል። ብሎኗን በዓይኑ ካላየ ሞተሩን እንደማያስነሣ፣ ነገ ቧንቧው ሁሉ መውረድ እንዳለበት ለዓሚ ረሺድ ነገራቸው። እሳቸው ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። አልተቆጡም። ሳላዞረው ተነገረኝ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ።

አሚና ግን አልወረደችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ሰርክአዲስ አዘነች፤ መቼም እንዲህ አዝና አታውቅም።

ዓሚ ረሺድ በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያዩ ቆዩና ድንገት ማርሹን አስገብተው መሪውን ወደ ግራ አዞሩት።

«ያላ፣ ወደ መቅረን» አሉ በዐረብኛ። «ከዴም እየወጣን ነው። ይኸውልሽ፣ ይህ ሰጃና ነው፤ ዛሬ ዓርብ ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል። ሻሪዕ ሑሪያን፣ ትልቁን ጎዳና፣ ይዘን ቀጥ ነው።» ታክሲው ንቅንቅ አላለም። እሳቸው ግን መስቀለኛው ጋ ፍሬን ረገጡ፤ አንዲት አሮጊት እስክትሻገር ጠበቁ፤ ከዚያ ነዱ። የኒሙ ጥላ በፊት መስታወቱ ላይ ሲወዛወዝ መንገዱ ራሱ የሚሄድ ይመስል ነበር።

በለጠ ሰርክአዲስን አየና ሂጂ በሚል ራሱን ነቀነቀላት። እሷ ግን መጀመሪያ ጨርቁን አነሣች። አሸዋውን አራግፋ፣ አጣጥፋ፣ የሞተሩን ጉሮሮ ደፈነችው። ጠርዙንም ዙሪያውን በጣቷ ጠቀጠቀችው። ከዚያ ሄዳ የኋላውን በር ከፈተች።

«ባትገኝስ?» አለች አሚና ሳትዞር። «አሸዋው ውስጥ ብትሆንስ? በባዶ ሜዳ ቀረን ማለት አይደል?»

ሰርክአዲስም ከቅድም ጀምሮ የምታስበው ይህንኑ ነው።

«እጽፍልሻለሁ» አለች። «ብትገኝም ባትገኝም።»

አሚና ከመስኮቱ ዞረች። ከዚያ እግሮቿን ሰብስባ ጠጋ አለችላት።

«በሩን ዝጊው፣ ያ ብቲ» አሉ ዓሚ ረሺድ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ። «ወንዙ ዳር ደርሰናል፤ ነፋስ አለ።»

ሰርክአዲስ በሩን ዘጋችው።