ስም እስከ አያት

ኢስሐቅ ዳስተር እንኳን አልፈለገም። በዩኒፎርም ሹራቡ እጅጌ ሰሌዳውን ጠረገና፣ ኦብሴ ሦስተኛውን ዓምድ ጽፋ ሳትጨርስ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አጠፋቸው።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችው፣ ጠመኔው እጇ ላይ እንዳለ።

«ጊዜ እየቆጠብኩ ነዋ! ምሳ ሰዓት አርባ ደቂቃ ብቻ ነው። ማስተርስሽን እዚሁ ልትሠሪው ነው እንዴ?»

የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት ሳቁ። ክበቡ ዘጠኝ አባላት አሉት። ክፍሉ ግን ከደረጃ ሥር የተሸጎጠ፣ ለአራት ሰው እንኳን የማይበቃ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሲስቅ ሌላው ጆሮ ላይ ነው የሚስቀው። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አዲስ ሕንፃ እየተሠራ ስለነበር የአርማታ ማቡኪያው ጩኸት ለደቂቃ አያርፍም። በዚያ ዓመት ቦሌ ውስጥ ያልተቆፈረ ቦታ ማግኘት ከባድ ነበር።

ነገሩ ቀላል መሆን ነበረበት። እስከዚያን ጊዜ በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ የሚለቀቀው ሙዚቃ ከአንድ ያረጀ ፍላሽ ላይ ነበር። ፍላሹ በቫይረስ ሲሞት ርእሰ መምህሯ «አንድ የሙዚቃ አፕ ምረጡና እስከ ዓርብ አሳውቁኝ» አሉ። የድምፅ ሥራው የኦብሴ ስለሆነ ሦስት አፖችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታዳምጥ ከረመች። የውጭው አፕ ጥራቱ ወደር የለውም፤ ግን የሚከፈለው በዶላር ነው፣ የአገር ቤት ዘፈን ደግሞ እንደ ጨው ቆንጠር ተደርጎ ነው ያለበት። «ዋሽንት» የሚባለው የአገር ውስጥ ነው፤ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ኔትወርክ በጠፋ ጊዜም ይሠራል፣ በወር ሃምሳ ብር ያስከፍላል፣ ከዚያም ላይ ለዘፋኞቹ ያካፍላል። «ጆሮ» ነፃ ነው። የሌለው ዘፈን የለም። ድምፁ ግን ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋ ንብ ነው የሚመስለው፤ ዘፈኑም አንዳንዴ ከመሀል ይጀምራል። «ጆሮ»ን የሠራው የኢስሐቅ ታላቅ ወንድም ነው። ድሮ ለሰው ፍላሽ የሚሞላበት ሱቅ ነበረው። በሱቁ የነበረውን ዘፈን ሁሉ እንዳለ አፑ ውስጥ ገለበጠው፤ ማንንም አላስፈቀደም።

ሰሌዳው ላይ የቀረው ሦስተኛው ዓምድ ብቻ ነበር። «ለዘፋኙ ምን ይደርሰዋል?» ይላል።

ኢስሐቅ በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይቺ ናት የገረመችኝ። ለዘፋኝ ደረሰው አልደረሰው አንቺን ምን አገባሽ? አባትሽ ዘፋኝ ነው እንዴ?»

«አባቴ ኮንትራክተር ነው» አለች ኦብሴ። ቃሉ እንደ ሁልጊዜው ፈጥኖ ወጣ።

«በቃ! የሲሚንቶ ዋጋ ያሳስብሽ።»

አሁንም ሳቁ። ኦብሴ ጠመኔውን እንደያዘች ቁጭ አለች።

ውሸቱ የተጀመረው ዘጠነኛ ክፍል ወደዚህ ትምህርት ቤት ስትዛወር ነው። ክፍሉ ውስጥ አባቱ ኮንትራክተር ያልሆነ ልጅ አባቱ አስመጪ ነው፤ አስመጪ ያልሆነው ደግሞ ለሁለቱ ሕንፃ ያከራያል። ሰምሃል፣ ኋላ የቅርብ ጓደኛዋ የሆነችው፣ በመጀመሪያው ቀን «አባትሽ ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀቻት። ኦብሴ መለሰች፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆኖ ቀረ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የትምህርት ቤቱን ክፍያ ግማሹን ውጤቷ ያስምርላታል። ሌላውን ግማሽ አባቷ አትላስ አካባቢ ያለ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሰው ጥብሱን እየበላ ጀርባውን ሲሰጠው፣ የሌሎች ሰዎችን ዘፈን እየዘፈነ ይከፍላል።

«ሞክሩትና እዩት» አለ ኢስሐቅ። ስልኩን ሚክሰሩ ላይ ሰካና የምርጫ ወረቀት አነሳ።

የምርጫ ወረቀት የክበቡ ሕግ ነው። ዘፈን ማስመረጥ የፈለገ ተማሪ ሦስት መስመር ይሞላል፦ የዘፈኑ ርእስ፣ ድምፃዊ፣ መራጭ፤ ከፈለገም የተመረጠለትን ሰው ይጨምራል። አንድ ጊዜ ልጆቹ «ከምታውቂው ሰው» እያሉ መሰዳደቢያ ስላደረጉት፣ የክበቡ ተጠሪ ቲቸር ብርሃኑ አንድ ሕግ ጨመሩ። መራጭ ስሙን እስከ አያት ካልጻፈ፣ የድምፃዊውም መስመር ባዶ ከሆነ፣ ወረቀቱ አይነበብም።

ኢስሐቅ ወረቀቱን ሞላ፣ ማይኩን ከፈተ። «ተማሪዎች፣ ነፍ ዘፈን ይዘን መጥተናል! መራጭ ኢስሐቅ ገብረዋሕድ ኣፅብሃ። የዘፈኑ ርእስ ‹መንገዱ መጣ›። ድምፃዊ፣ ያልታወቀ። ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም፤ ነፍስ ይማር!»

ከዚያ ዘፈኑ ግቢውን ሞላው።

*መንገዱ መጣ ደጃችን ድረስ፣*
*እኛ የት እንሂድ እሱ ሲደርስ?*

ኦብሴ ድምፁን የለየችው ግጥሙ ሳይጀምር፣ ከመጀመሪያው ትንፋሽ ነው። የአባቷ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ካሴት ሞቶ ሲዲ ሊወለድ ሲል፣ ባወጣት አንዲት ሥራ ላይ ያለ ዘፈን ነው። የአያቷ የጤፍ ማሳ ጎሮ አካባቢ አስፋልት ሲሆን ነበር የዘፈነው። መግቢያው ተቆርጧል፤ ሁለት ስንኝ ሙሉ የለም። ግቢው ውስጥ ያለው ልጅ ግን ይህን ከየት ያውቃል? ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይጨፍራል። ከመስኮቱ ሥር አንዱ «ቀውጢ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ኢስሐቅ አባቷን በቁሙ «ነፍስ ይማር» አለው። ተነሥታ በጥፊ ልትለው ፈለገች። አልተነሣችም። እንዲያውም፣ ሰምሃል ስታያት፣ ፈገግ አለች። ለዚያ ፈገግታዋ ራሷን ጠላች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ደቻሳ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ ነጭ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። ሥራ የሚገባው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከጎሮ አትላስ ለመድረስ ደግሞ በዚያ ሰዓት ታክሲ ጥበቃው ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

«ዛሬ ዘፈንህን ሰማሁት» አለችው ቦርሳዋን ሳታወርድ። «ትምህርት ቤት፣ ‹ጆሮ› ከሚባል አፕ ላይ። ተማሪው ሁሉ ጨፈረ።»

«ስሜ አለበት?»

«ያልታወቀ ነው የሚለው።»

ካውያው አንገትጌው ላይ ለአፍታ ቆመ። «ጥሩ ነው። ያልታወቀን ሰው ማንም አያማውም።»

«አባዬ፣ ቀልድ አይደለም! ‹ዋሽንት› የሚባለው እኮ ስምህን ይጽፋል፣ በተደመጠ ቁጥርም ይከፍላል። ለምን እዚያ አታስገባውም?»

«ካሴቱን የወሰደው ሰውዬ ‹ነገ እከፍልሃለሁ› አለኝ። ሲዲውን የወሰደውም ‹ነገ› አለኝ። አሁን ደግሞ ስልክ ውስጥ ያለ፣ ፊቱን እንኳን የማላየው ሰው ‹ነገ› እንዲለኝ ነው?»

«ስለዚህ ዝም ልትል ነው? እንደዚህ እየተቀለደብህ!»

«አትጩኺብኝ!» ጮኸ እሱም። ሸሚዙን ገለበጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺስ እዚያ ነበርሽ። ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«ምንም» ብሎ ደገመው። «ዝም ማለትማ ከኔ በላይ ታውቂበታለሽ። ባለፈው ካርድሽን ልቀበል ስመጣ የጓደኛሽ እናት አገኘችኝ፣ የሰምሃል እናት። ‹ቤታችንን ልናድስ ነው፣ ጣራው ስንት ይፈጃል?› ብላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ ከሌላ ሰው ጋር ያምታታችኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ።»

የኦብሴ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ። መሬቱን እያየች «ምን አልካት?» አለች።

«ምን እላታለሁ? ‹ዘንድሮ ሥራ በዝቶብኛል፣ ለከርሞ እንነጋገር› አልኳት። ሲሚንቶ በኩንታል ስንት እንደሆነ እንኳን አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ሸሚዙን ለበሰ፣ የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈ፣ «እናትሽ ስትመጣ ራት ብሉ» ብሎ ወጣ። ኦብሴ ገና ያልቀዘቀዘው ካውያ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባቷ እሷን ላለማዋረድ ብሎ በሰው ፊት ኮንትራክተር መሆኑን ማሰብ አልቻለችም፤ ማሰብ መተውም አልቻለችም።

ዓርብ ቲቸር ብርሃኑ ራሳቸው መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ መቀመጫማ የለም። ኦብሴ ሰሌዳው ላይ የነበረውን በወረቀት ጽፋ አመጣች፤ ግን ስለ ድምፅ ጥራት ገና ስትጀምር ኢስሐቅ ጣልቃ ገባ።

«ቲቸር፣ ነፃ እያለ ማን ይከፍላል? ሃምሳውን ብር ኮንትራክተሩ አባቷ ይክፈልልን!»

«ሥርዓት ያዝ!» አሉት ቲቸር ብርሃኑ። ግን ሳቁ አመለጠ፤ ያመለጠ ሳቅ ደግሞ ድምፅ ይሰጣል። «ጆሮ» ስድስት፣ «ዋሽንት» ሦስት። ሰምሃል እንኳን እጇን ያወጣችው ለ«ጆሮ» ነው። «ነፃ ነው እኮ፣ አታካብጂ» ብላ ሹክ አለቻት።

ኢስሐቅ የምርጫ ወረቀት ሞልቶ ኦብሴ ፊት ወረወረላት። የዓርብ አንባቢ እሷ ናት። «‹መንገዱ መጣ›ን ለድላችን! እያሞገስሽ አንብቢው።»

ወረቀቱን አየች። ድምፃዊ፦ ያልታወቀ። መራጭ፦ ሚኒ ሚዲያ ክበብ።

ቲቸር ብርሃኑ በትከሻዋ ላይ አንገታቸውን አስግገው አነበቡና «ይሄ አይነበብም» አሉ። «መራጭ እስከ አያት ነው። ክበብ አያት የለውም።»

«ቲቸር ደግሞ!» አለ ኢስሐቅ። «በቃ አንድ ሰው ይፈርምበት።»

«እኔ እመርጠዋለሁ» አለች ኦብሴ።

እስክሪብቶ አነሣች። «ሚኒ ሚዲያ ክበብ» የሚለውን ሰርዛ የራሷን ስም፣ መዝገብ ሲጠራ እንደሚጠራው እስከ አያቷ ጻፈች። ከዚያ እጇ ወደ ላይኛው መስመር ሄደና ቆመ። ይህን መስመር ከሞላች ሰኞ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ክፍል ስትገባ ይዘፍኑባታል፤ ሙድ ይይዙባታል፤ የሰምሃል እናት የጣራውን ነገር ታስታውሳለች። ይህን ሁሉ አሰበች፣ ፈራችም። ግን «ያልታወቀ» በሚለው ላይ መስመር ስታሰምርበት እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው ነበር።

«ምኑን ነው የምትሰርዢው?» ኢስሐቅ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰና አነበበ። ከላይ ያለውን ስምና ከታች ያለውን ስም አስተያየ። «ቆይ... ይሄ የአንቺ አባት ነው? አባትሽ ኮንትራክተር ነው አላልሽም?»

«ዋሽቼ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሰምሃል አፏን ከፈተች። «ማሚ እኮ ዋጋ...» ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች።

«አሁንስ እየዋሸሽ ላለመሆንሽ ምን ማረጋገጫ አለ?» አለ ኢስሐቅ። ፊቱ ቀልቷል። «የሰው ዘፈን የኔ ነው ማለት ቀላል ነው። ማን ያምንሻል?»

«የወንድምህ አፕ የቆረጠውን አውቀዋለሁ» አለች ኦብሴ። ቲቸር ብርሃኑን ዞራ አየቻቸው። እሳቸው ደግሞ ወረቀቱን እንደገና አነበቡት፣ እስከ መጨረሻው።

«መስመሮቹ በሙሉ ተሞልተዋል» አሉ። «ይነበባል።»

ኦብሴ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች፣ ቁልፉን ገፋች። ውጭ የእረፍት ጫጫታ ነበር፤ የስፒከሩን ኮሽታ ሲሰሙ መስኮቱ ሥር ያሉት ቀና አሉ።

«የዘፈኑ ርእስ፣ ‹መንገዱ መጣ›» አለች። «ድምፃዊ፣ ደቻሳ ፈዬራ። መራጭ፣ ኦብሴ ደቻሳ ፈዬራ።»

ኦብሴ ግን ማይኩን አልዘጋችም።

«መግቢያው ስለተቆረጠ እኔ እለዋለሁ» አለችና፣ ዘፋኝ ስላልሆነች፣ ዝም ብላ በንግግር አለችው።

*አባቴ ፈዬራ ጤፍ የዘራበት፣*
*ዛሬ መኪና ነው የሚያጭድበት።*

ከዚያ ስልኩን ወደ ኢስሐቅ ገፋችው።

«በል፣ አሁን ልቀቀው» አለችው።