የአስራ ሁለተኛው ቀን ማስጠንቀቂያ

ወይዘሮዋ የሞቱት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም። ፊታቸውና አንገታቸው አብጧል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት እንደጨበጠ ቀርቷል። አጠገባቸው ባለው ትሪ ላይ ባዶ መርፌና ባዶ ብልቃጥ ተቀምጠዋል። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው «ፔኒሲሊን» ነው።

ሟቿ ሃያ ስድስት ዓመት የዚሁ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ኃላፊ ሆነው ሠርተው፣ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የሐሞት ከረጢታቸውን ሊያስወጡ መጥተው ነበር። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። በማግስቱ አንድ መርፌ ገደላቸው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ የከረባቱን ቋጠሮ እያስተካከለ። «ፋይላቸው ላይ ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው በትልቁ ተጽፏል። ነርሷ ሳታይ ወጋቻቸው።»

«ለምን ሳታይ ትወጋለች?»

«ቸልተኝነት ነዋ!»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» እያሉ ያሾፉባታል። እሷ ግን ቸልተኝነት የሚለውን ቃል አትወደውም፤ ሰዎች መጠየቅ ሲሰለቻቸው የሚያነሱት ቃል ይመስላታል። ከኮሪደሩ ማንም ምንም ነገር ይዞ እንዳይወጣ አዝዛ፣ ነርሷን አንሶላ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አገኘቻት።

ነርሷ ክሊኒኩ ከተቀጠረች ስምንት ወሯ ነው። ከማልቀሷ ብዛት ድምጿ ተዘግቷል።

«አይቻለሁ» አለች። «በልጆቼ እምላለሁ፣ ፋይላቸውን ከፍቼ አይቻለሁ። አለርጂ በሚለው ቦታ 'የለም' ነው የሚለው። ዶክተሩም አይቷል።»

«አሁን ግን 'አለ' ነው የሚለው። የፋይሎቹ ሰርቨር ያለው ሌላ ድርጅት ዘንድ ነው፤ ማን ምን እንደነካ ይመዘግባል። ጠየቅኳቸው። በዚህ ፋይል የአለርጂ ቦታ ላይ ስድስት ወር ሙሉ የተለወጠ ነገር የለም።»

«እንግዲያው አብጃለሁ ማለት ነው» አለችና ፊቷን ሸፈነች።

ሐኪሙም ያንኑ ተናገረ። ጎረምሳ ቢጤ ነው፤ ደጋግሞ መነጽሩን ይወለውላል።

«ከቀዶ ጥገና በኋላ ለሁሉም ሰው የማዘው ይህንኑ ነው፤ አለርጂ ከሌለ። እሳቸው ደግሞ የለባቸውም ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ቀዶ ጥገናውን የሠሩት ሐኪሞችስ መድኃኒቱ እንደማይስማማቸው እንዴት አወቁ?»

«እነሱ ወረቀት ይዘው በሽተኛውን ራሱን ይጠይቃሉ። እኛ ወረቀት ትተናል፤ ሁሉ ነገር ኮምፒውተር ላይ ነው።»

የሟቿ ወንድም ኮሪደሩ ላይ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከእህቱ ጋር ተኳርፈው ከርመው የታረቁት በዚህ ሕመም ምክንያት ነው። ከመርፌው ግማሽ ሰዓት በፊት ክፍሉ ውስጥ ነበር።

«መድኃኒቱ እንደማይስማማቸው ያውቃሉ?»

«እንዴት አላውቅም! በልጅነቷ በዚሁ ልትሞትብን ነበር።»

«ለምን ለነርሷ አልነገሯትም?»

«ልነግራት ነበር እኮ ትናንት። እንግዳ መቀበያው ላይ 'አይጨነቁ አባባ፣ ኮምፒውተሩ ያውቃል' አሉኝ።»

መርማሪዋ ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ ተመለሰችና ነርሷን ፋይሉን እንድትከፍትላት ጠየቀቻት። በስክሪኑ ላይ ቀይ ገጽ ወጣ፤ ነርሷ ሳታየው ሁለት ጊዜ ነክታ አሳለፈችው።

«ቆይ፣ መልሽው። ምንድን ነው ይሄ?»

«እሱማ ሁሌ ነው የሚመጣው። ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎበታል፤ የኮምፒውተሩ ሰውዬ 'ምንም አይደለም፣ ቀጥል የሚለውን ንኩት' ብሎናል።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አነበበች። ገጹ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው የደኅንነት ሰርተፊኬት ጊዜው ካለፈ አስራ ሁለት ቀን ሆኖታል ይላል። ቀና ስትል ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ነጭ ሰሌዳ አየች። ጥግ ላይ ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ከአንድ እስከ አስራ አንድ።

ነርሷ አፈረች። «ቀልድ ነው። ጠዋት ጠዋት ስገባ ቁጥሩን ከገጹ ላይ አይቼ እጽፋለሁ። መቼ ይሆን የሚሠሩት እያልን እንስቃለን።»

«ዛሬ ለምን አስራ ሁለትን አልጻፍሽም?»

ነርሷ ወደ ሰሌዳው ቀና አለች። «ዛሬ... ዛሬ ጠዋት ቁጥር አልነበረውም። ቀይ ነው፣ ግን ስለ ቀን አያወራም። ምን ነበር የሚለው? የሰጠው አካል አይታወቅም... እንደዚያ ያለ ነገር። እንደለመድኩት ነክቼ አለፍኩ።»

መርማሪዋ ሐኪሙን ለብቻው አስጠርታ፣ ከነርሷ የሰማችውን ሳትነግረው፣ ገጹ ላይ ምን እንዳየ ጠየቀችው። «'አይታወቅም' የምትል ቃል ትዝ ትለኛለች» አለ። «ጣቴ ግን ከዓይኔ ቀደመ።»

የኮምፒውተር ባለሙያው ቁመተ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ ማንም ሲስቅ አላየውም። ቁልፎቹን ቀበቶው ላይ ያንጠለጥላል።

«ሰርተፊኬቱ ለምን አልታደሰም?» አለችው።

«ከላይ ፈቃድ እየጠበቅኩ ነው። ደብዳቤ ጽፌያለሁ።»

የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ግን የደብዳቤ ፋይሏን አገላብጣ ለመርማሪዋ ሌላ ነገር ነገረቻት። ፈቃዱ የተሰጠው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። አዲሱ ሰርተፊኬትም በዚያው ሳምንት መጥቷል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ፣ ነርሷ፣ ሐኪሙ፣ የሟቿ ወንድምና የኮምፒውተር ባለሙያው በስብሰባው አዳራሽ ተሰበሰቡ። መርማሪዋ አልተቀመጠችም።

«ነርሷና ሐኪሙ ተነጋግረው እየዋሹ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር» ብላ ጀመረች። «ነገር ግን ለመዋሸት የፈለገ ሰው ፋይሉን እንጂ ማንም የማያነበውን ማስጠንቀቂያ አያነሳም። ሰሌዳውም ይመሰክራል፤ ቁጥሩ በጠፋበት ቀን ቁጥሩ አልተጻፈም። ስለዚህ እውነታቸውን ነው እንበል። ፋይሉ አልተለወጠም፤ እነሱ ግን 'የለም' የሚል አይተዋል። ሁለቱም እውነት የሚሆኑት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ያዩት የክሊኒኩን ገጽ አልነበረም።»

«እንዴት?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አንድ ሰው በነርሶቹ ኮምፒውተርና በሰርቨሩ መሃል ገብቶ አስመስሎ የሠራውን ገጽ አሳያቸው። እውነተኛው ፋይል ላይ ቢጽፍ ስሙ ይመዘገብበታል። አስመስሎ ከሠራው ግን እውነተኛ ሰርተፊኬት ሊኖረው አይችልም፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ይጮኻል። እንግዲህ ጩኸቱን ማንም የማይሰማበት ቤት ያስፈልገዋል።» ወደ ባለሙያው ዞረች። «አዲሱን ሰርተፊኬት መጫን የስንት ደቂቃ ሥራ ነው?»

«አስር» አለ ባለሙያው።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ኪስህ ውስጥ አስቀመጥከው። 'ቀጥል በሉ' ብለህ አስተማርካቸው። የምትጠብቀው ፈቃዱን ሳይሆን እነሱ እንዲለምዱ ነበር። ዛሬ ጠዋት የኮምፒውተሮቹ መስመር የሚያልፍበትን የኮሪደሩን የኔትወርክ ሳጥን ከፈትን፤ ውስጡ መጽሐፍ የምታህል ኮምፒውተር አለች፤ የሟቿ ሐሰተኛ ፋይል ሳይጠፋ ተቀምጦባታል። ከቢሮህ ሆነህ ሥራዋን አስቁመሃል፤ እኔ ሳይ ቁጥሩ የተመለሰው ለዚህ ነው፤ ኮሪደሩ ስለተዘጋብህ ግን ልታወጣት አልቻልክም። የሳጥኑ ቁልፍ አንድ ነው። ቀበቶህ ላይ ነው።»

ባለሙያው ቁልፎቹን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው።

«ለምን?» አለችው።

«ሚስቴ የሞተችው እዚሁ ነው፤ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። የማይሆናትን ደም ሰጧት። ናሙናዋ ከሌላ ሰው ጋር ተቀይሮ ነበር።» ድምፁ አልተለወጠም። «ያቺ የላቦራቶሪ ኃላፊ 'ስህተት የለም' ብላ ፈረመች። በኋላ የድሮውን መዝገብ ሳስተካክል አገኘሁት። ሚስቴ በሞተች በአንድ ሰዓት ውስጥ ውጤቱን በእጇ ለውጣዋለች። አቤቱታ አስገባሁ። ለእሱ!»

ሁሉም ሥራ አስኪያጁን አዩት።

«እኔ... ብዙ ደብዳቤ ነው የሚመጣው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አላስታውስም።»

«እኛ እናስታውስዎታለን» አለች መርማሪዋ። «ደብዳቤውን ነገ ቢሮዬ ይዘው ይመጣሉ።» ከዚያ ወደ ባለሙያው ተመለሰች። «የደረሰብህ በደል ገብቶኛል። ይህቺ ነርስ ግን ምን አደረገችህ? ሴትዮዋን በእሷ እጅ ነው የገደልካቸው።»

ባለሙያው ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ደፋ። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና ነርሷን «እንግዲህ ነጻ ነሽ፤ ነገ ወደ ሥራሽ ትገቢያለሽ» አላት።

ነርሷ አልሰማችውም። የሟቿ ወንድም አጠገቧ መጥቶ ቆሟል። እህቱ ስለሠራችው ነገር ገና አሁን ነው የሰማው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሌላ ሊጠይቃት የፈለገው ነገር ግን ነበር።

«ልጄ፣ ስትገቢ ነቅታ ነበር?»

«ማስታገሻው አፍዟቸው ነበር። ግን ነቅተዋል።»

«አናገረችሽ?»

«ውሃ ጠየቁኝ።» ነርሷ እጆቿን አየቻቸው። «'ቆይ እማማ፣ መጀመሪያ መድኃኒቱን ልስጥዎት' አልኳቸው። የማይስማማዎት ነገር አለ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅኳቸውም፤ ኮምፒውተሩን አይቼ ነበራ።»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አደረገና ብቻውን ወጣ።