በጉልላት ፎቶ ቤት የደረሰው አስተያየት

ፈጠራ ነው የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ይበል። እኔ ግን ይህን ስትነግረኝ የሜላትን ፊት አይቻለሁ።

ሐምሌ 2008 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

ሌሊት አይደለም። ጫካም አይደለም። ወላይታ ሶዶ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሰው ሲተላለፍ የሚውልበት መንገድ ዳር ያለ አሮጌ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው።

ሜላት ኮሌጅ ኮምፒውተር የምታስተምር የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ፎቶ ቤቱ የእትዬ ጥሩወርቅ ነው፤ ከአባታቸው ከጋሽ ጉልላት የወረሱት። ጋሽ ጉልላት ከንጉሡ ዘመን ጀምረው የሶዶን ሰው ሲያነሱ ኖሩ። ሲሞቱም ባለቤቶቹ መጥተው ያልወሰዷቸውን ፎቶዎች በካርቶን በካርቶን ትተው ሄዱ።

እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸው እየደከመ ነበር። ስኳር ነው። ሐኪሙ "እስከ ገና ካዩ ጥሩ ነው" ብሏቸዋል።

ከዚያ ሁሉ ካርቶን ውስጥ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር እንቅልፍ የሚነሳቸው።

አንዲት ረጅም ሴት፣ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ከጀርባው በአባታቸው እጅ ጽሑፍ "ጥሩወርቅ፣ በስድስት ወሯ" ይላል። ሕፃኗ ጥርት ብላ ትታያለች። የሴትዮዋ ፊት ግን... ልክ ሲነሳ ዞር ያለች ይመስል ድብዝዝ ብሏል።

እትዬ ጥሩወርቅ እናታቸውን አያውቁም። አባታቸው ስለ እሷ አንድም ቀን ትንፍሽ ሳይሉ ነው የሞቱት።

"ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ አውጪልኝ" አሏት ሜላትን። "ከሥራቸው ደግሞ ሰው የሚያውቀውን ይጻፍበት። ዓይኔ ሳይጠፋ፣ ይቺ እናትሽ እገሊት ናት የሚለኝ አንድ ሰው አይጠፋም።"

ፎቶዎቹን ማስገባቱ ቀላል ነበር። መከራው የመጣው ከአስተያየት መስጫው ነው።

ሜላት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ወስዶ እንደፈለገ የሚያስተካክለው የአስተያየት ፕሮግራም መረጠች። ማውረዱ ብቻ አንድ ቀን ፈጀ። ዘጠና በመቶ ሲደርስ ኔትወርኩ ይቆረጣል... እንደገና ከዜሮ። ዳታቤዙን ስታስነሳ መብራት ይሄዳል። መብራቱ ሲመጣ ፕሮግራሙ ገጽ ሙሉ ስህተት በቀይ ይዘረግፍባታል። አንዱን ስታርም ሁለት ይወልዳል።

በሦስተኛው ቀን፣ በዚያ ማክሰኞ፣ ተነሳላት።

ገና ለሙከራ ነው። ያለው እዚያችው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ክፍል ውጭ ያለ ሰው ሊያየውም፣ ሊጽፍበትም አይችልም። ይህን ልብ በሉልኝ።

"ሙከራ" ብላ ጻፈችና ላከችው።

"???" ሆኖ ወጣ።

"ገባ?" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ከወንበራቸው።

"አልገባም እትዬ። የአማርኛውን ፊደል ይበላዋል።"

"ፊደል እንዴት ይበላል?"

"እሱን ባውቅማ እዚህ ሦስት ቀን እቀመጥ ነበር?"

ወዲያው አፈረች። ይቅርታ ልትል ስትል መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀረ። ከዳሞታ ተራራ የወረደው ዝናብ ቆርቆሮውን መቀጥቀጥ ጀመረ።

ቅንብሩን ለወጠች። እንደገና "ሙከራ" ብላ ላከች።

"???"

ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ከዚያ ገጹን ዝም ብላ አደሰችው።

ከሁለቱ የጥያቄ ምልክት መስመሮች ሥር ሦስተኛ አስተያየት አለ። በጥርት ያለ አማርኛ።

"ሳሮ። ደርሶኛል።"

ሳሮ በወላይትኛ ሰላምታ ነው። የጸሐፊው ስም ላይ "ቦሼ" ይላል።

ታምኑኛላችሁ? ሜላት መጀመሪያ ደስ አላት። "ተስተካከለ!" ብላ ጮኸች።

ቀስ ብሎ ነው የገባት።

ማን ነው የጻፈው?

"እትዬ... ላፕቶፑን ነክተውት ነበር?"

"እኔ? መብራቱን ማብራት እንኳ በዳበሳ ነው።"

ሜላት "ማን ነው" ብላ ጻፈች። "?? ??" ሆኖ ወጣ። የእሷው ጽሑፍ አሁንም ይበላል።

የኢንተርኔት ዶንግሉን ከላፕቶፑ መንጭቃ ነቀለችው። ጠረጴዛው ላይ፣ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

ሌላ ፎቶ ከፈተች። ኮት የለበሰ ሰው፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከሥሩ...

"ይህ የበዴሳው እህል ነጋዴ ሻንቆ ነው። ጫማው የራሱ አይደለም፣ ጉልላት ነው ያዋሰው። ጠብቦት ነበር።"

አነበበችላቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ከወንበራቸው ተነሱ። "እውነት ነው! አባዬ ለፎቶ ጫማ ያውስ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ነበር የሚያስቀምጠው። ይህን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አልቀረም እኮ! ማነው የጻፈው?"

"ቦሼ ይላል።"

"ቦሼ..." አሰቡ። "አላውቃትም። ስለ እናቴ ጠይቂያት።"

"እትዬ፣ የምጠይቀው ሰው የለም። ኢንተርኔቱን ነቅዬዋለሁ። ይሄ የፕሮግራም ብልሽት ነው።"

ብልሽት እንዳልሆነ ታውቃለች። ብልሽት ስለ ጫማ አያወራም።

ሁሉንም አስተያየቶች አጠፋች። ከዚያ እሷ አይታ ካልፈቀደች በቀር ምንም ነገር እንዳይወጣ አድርጋ ቆለፈችው። ይህ የፕሮግራሙ አንዱ ጥቅም ነው፤ አስተያየቱ ወረፋ ይይዛል፣ ባለቤቱ "ፍቀድ" የሚለውን ሲጫን ብቻ ይወጣል።

ወረፋው ባዶ ነበር።

ከዚያ "1" ሆነ።

የገባው በሕፃኗ ፎቶ ሥር ነው። "ፍቀጂልኝና እነግራታለሁ።"

አጠፋችው። ባዶ ሆነ።

"1"።

አጠፋችው።

"1"።

ሦስት ቀን ሙሉ የለመነችው ነገር ሁሉ እምቢ ብሏታል። ይሄ ብቻ አንድም ስህተት ሳያሳይ ይሠራል። እንባዋ መጣ። ከፍርሃት ይሁን ከብስጭት እስከ ዛሬ አታውቅም።

"ምን አለች?" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

"ምንም።"

"ሜላት። የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። አተነፋፈስሽ ተለውጧል። ምን አለች?"

ነገረቻቸው።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ውጭ አንድ ባጃጅ ጡሩንባ እየነፋ አለፈ። የዘወትር ከሰዓት በኋላ ነው።

"ፍቀጂላታ" አሉ በሹክሹክታ።

"ማን እንደሆነች ሳናውቅ?"

"ፍቀጂላት።"

"እትዬ... እኔ ደስ አላለኝም። ነገ እንየው።"

"የአንቺ ነገ እና የእኔ ነገ አንድ አይደለም፣ ልጄ። እኔ ነገ ላላይ እችላለሁ።"

ባትሪው ስድስት በመቶ ይላል።

ሜላት የተጫነችው ደፍራ አይደለም። አምናም አይደለም። "ታክቶኝ ነው" አለችኝ። "በቃ ታክቶኝ ነበር። ይለቅ፣ ይውጣ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ ብዬ ነው።"

ፍቀድ የሚለውን ተጫነች።

ገጹ ራሱን አደሰ። እዚያ የነበረው ዓረፍተ ነገር የለም። በምትኩ ሌላ ነበር።

"ጥሩዬ፣ ያቀፍኩሽ እኔ ነኝ። እናትሽ አይደለሁም። እናትሽ ከካሜራው ጀርባ ነበረች። ያነሳችን እሷ ናት። በማግስቱ ሄደች። እኔ ግን እንድይዝሽ ሰጥታኝ ነበር፣ አልለቀቅኩሽም።"

ሜላት አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች።

እትዬ ጥሩወርቅ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። ፊታቸው ሜላት አይታው የማታውቀው ዓይነት ዕረፍት ይዟል።

"ሞቀኝ" አሉ።

ክፍሉ እንኳን ሊሞቅ፣ የሜላት ጣቶች በብርድ ደንዝዘዋል።

ወደ ላፕቶፑ ስትመለስ አንድ አዲስ መስመር አለ። ማንም አልፈቀደለትም። ወረፋም አልያዘም።

ልታነበው አፏን ስትከፍት፣ እትዬ ጥሩወርቅ ቀደሟት።

"አሁን ሜላት ትሂድ።"

ልክ እንደዚያ አሉ። እዚያው ፊታቸው ላለች ልጅ "ትሂድ" አሉ።

ሜላት መስመሩን አየችው።

"አሁን ሜላት ትሂድ።"

ስሟን ፕሮግራሙ ውስጥ የትም አልጻፈችም። እሳቸው ደግሞ ከዚያ ርቀት እንኳን ፊደል፣ የላፕቶፑን ክዳንም አያዩም።

ላፕቶፑ ጠፋ።

ጃንጥላዋን ረስታ በዝናቡ ውስጥ ሮጠች።

ማታ ቤቷ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጋ፣ ከእናትና አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ፕሮግራሙ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ከፈተች። ስህተት ፈለገች። አንዲት የምትረዳው ስህተት ብታገኝ አቅፋ ትስማት ነበር።

አንድም ስህተት የለም። ቦሼ የሚል ስምም የለም። ከእሷው ከሦስቱ የጥያቄ ምልክት ሙከራዎች በቀር በዚያ ቀን ለዚያ ፕሮግራም ምንም ነገር አልተጻፈም፤ ምንም ነገርም አልተፈቀደም።

ሁሉንም ሰረዘችው።

ለእትዬ ጥሩወርቅ ከሳምንት በኋላ ደወለችላቸው። ድረ ገጹን መቀጠል እንደማትችል ልትነግራቸው ነበር።

"ይቅር ልጄ" አሏት ሳያስጨርሷት። ድምፃቸው የተኛ ሰው ድምፅ ነው። "የሚያስፈልግ አይደለም።"

"ደህና ነዎት ግን? ብቻዎን ነዎት?"

ስልኩ ተዘጋ።

በኅዳር አሳየሽ የምትባል የፎቶ ቤቱ ጎረቤት፣ እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸው ጭራሽ እንደጠፋ ለሜላት ነገረቻት። "ግን የሚገርምሽ፣ የሚመራ ሰው አይፈልጉም" አለች። "ከዘራም አልያዙም።"

ሜላት ልታያቸው አስባ ነበር። አልደፈረችም።

አንድ ቅዳሜ ከቦዲቲ ስትመለስ መናኸሪያው ላይ ወርዳ ባጃጅ ያዘች። ረፋድ ነው፣ ፀሐይዋ ወጥታለች፣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ባጃጁ ቆም አለ። በዚያ ማዶ እትዬ ጥሩወርቅን አየቻቸው።

ብቻቸውን ይሄዳሉ። አይደናቀፉም።

ቀኝ እጃቸው ከራሳቸው በላይ ተዘርግቷል... ትንሽ ልጅ የትልቅ ሰው እጅ ይዛ ስትሄድ እንደምትዘረጋው። የሹራባቸው እጅጌ እስከ ክርናቸው ተንሸራቷል። ጣቶቻቸው ተጨብጠዋል።

መንገዱ ዳር ክዳን የሌለው ሰፊ ቦይ አለ። እዚያ ሲደርሱ ቆሙ።

አልዘለሉም። አልተራመዱም።

ሁለቱም እግሮቻቸው ከመሬት ለቀቁ። በአንድ እጃቸው እንደተንጠለጠሉ ቦዩን ተሻገሩ... ቀስ ብለውም ማዶ አረፉ።